ከ«ዲስከስ» ቀጥሎ «አባውት» ለምን አይገባም? ለአንዲት የጎንደር ተመራቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጎንደር የሕብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አማካሪዬ የመመረቂያ ጽሑፌን አይቶ ሲመልስልኝ ከ‹ዲስከስ› ቀጥሎ የጻፍኩትን ‹አባውት›፣ ከ‹ኢምፈሳይዝ› ቀጥሎ ያለውን ‹ኦን›፣ ከ‹ሲክ› ቀጥሎ ያለውን ‹ፎር› ሁሉ በቀይ ሰርዞታል። አንድ ገጽ ላይ ብቻ ሰባት ቆጠርኩ። ምክንያቱን ስጠይቀው ‹በአማርኛ እያሰብሽ ስለምትጽፊ ነው› ብሎ አለፈኝ። እኔ ግን እነዚህን ቃላት ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የማውቃቸው እንዲህ ነው። ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ የሚያዝ መላ አለው ወይስ እንደ ዳዊት እየደገሙ መሸምደድ ብቻ ነው? አይ አም አዌይቲንግ ፎር ዩር ሪፕላይ።»

እህቴ፣ አማካሪሽ የሰረዘው በሙሉ ልክ ነው። የሰጠሽ ምክንያት ግን ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሹ ደግሞ አማርኛሽን ያለ ጥፋቱ የሚያስወቅስ ነው። እኔም ስንት ዓመት ተማሪዎቼን «በአማርኛ አታስቡ!» እያልኩ ተቆጥቻለሁ። ኋላ ላይ ከማርማቸው ጽሑፎች እነዚህን ትርፍ መስተዋድዶች አንድ በአንድ እየለቀምኩ ደብተር ላይ ማስፈር ስጀምር ግን አፈርኩ። ከሰበሰብኩት ውስጥ ብዙው ስህተት ልጆቹ አማርኛቸውን ቢከተሉ ኖሮ የማይሠሩት ነበር።

እስቲ እንየው። ከባሕር ዳር ተነስተሽ አዘዞን አልፈሽ ከተማ ስትደርሺ ስልክ ደውለሽ ምን ትያለሽ? «ጎንደር ገባሁ» ነው የምትይው። ወይም «ጎንደር ደረስኩ»። «ወደ ጎንደር ደረስኩ» የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እንግሊዝኛውም ልክ እንደዚያው ነው፤ «አይ ኢንተርድ ጎንደር»፣ «አይ ሪችድ ጎንደር»። ታዲያ ተማሪው «ሪችድ ቱ ጎንደር» ብሎ ሲጽፍ ያቺን «ቱ» ከየት አመጣት? ከእናቱ ቤት አይደለም።

ሌሎቹንም ተመልከቻቸው። «አባቱን ይመስላል» እንላለን፤ እንግሊዝኛውም «ሪዘምብልስ ሂዝ ፋዘር» ነው፣ «ቱ» የለበትም። «አገባት» እንላለን፤ «ሂ ሜሪድ ኸር» ነው፣ «ዊዝ» የለበትም። «ሕክምና ፈለገች» ስንል «ሲክ» ብቻውን ይበቃል። «ጥያቄውን መለሰች» ስንል «አንሰር» ብቻውን ይበቃል። «ጎንደርን ጎበኙ» ስንልም «ቪዚት» ብቻውን ይበቃል። አማርኛው «ን» ለጥፎ «ተሳቢው ይኸውልህ» ይላል፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ምንም ሳይለጥፍ ተሳቢውን ከግሱ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ሁለቱም በመካከል ድልድይ አይሠሩም።

ታዲያ ጥፋተኛው ማነው ካልሽኝ፣ በእኔ ደብተር መሠረት አንደኛው ጥፋተኛ ራሱ የእንግሊዝኛው ስም ነው። ስም ስል የሰው ስም አይደለም፤ ከግሱ ጋር አንድ ቤት የሚኖረውን ስም ማለቴ ነው። «ዲስከስ» ግስ ነው፤ «ዲስከሽን» ስም ነው። «ኢምፈሳይዝ» ግስ ነው፤ «ኢምፈሲስ» ስም ነው። ስሙ መስተዋድድ ይፈልጋል፦ «ዲስከሽን አባውት»፣ «ኢምፈሲስ ኦን»፣ «ኢንትሪ ኢንቱ»፣ «ሪዘምብላንስ ቱ»። ግሱ አይፈልግም። እኛ ደግሞ እንግሊዝኛን በብዛት የተማርነው ከቤት ወሬ ሳይሆን ከመማሪያ መጽሐፍ ርዕስ፣ ከፈተና ወረቀትና ከቢሮ ደብዳቤ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ደግሞ በስም የተሞሉ ናቸው። የእ.ኤ.አ 1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ስላደረገው፣ ባዮሎጂውንም ኬሚስትሪውንም የተማርሽው በዚህ በስም በተሞላ እንግሊዝኛ ነው። ስሙን ከነጭራው ሸመደድሽው፤ ግሱን ልትጽፊ ስትይ ጭራው አብሮ መጣ።

ስሙ ጭራ የሚያስፈልገው ለምንድነው? ይህንንም አማርኛሽ ያስረዳሻል። «ቱሪስቶቹ ከተማዋን ጎበኙ» በይ። አሁን ግሱን ወደ ስም ለውጪው። «ከተማዋን ጉብኝት» ማለት ትችያለሽ? አትችይም። «የከተማዋ ጉብኝት» ነው የምትይው። «ን» ጠፋችና «የ» መጣች። ግሱ ተሳቢውን በራሱ ጉልበት ይስበዋል፤ ወደ ስም ሲለወጥ ግን ጉልበቱ ይላላና ገመድ ይፈልጋል። በአማርኛ ገመዱ «የ» ነው፣ አንዳንዴም «ለ» ወይም «ስለ»። በእንግሊዝኛ «ኦፍ»፣ «ፎር»፣ «ኦን»፣ «ቱ» ናቸው። ስለዚህ «ዲስከስ አባውት ዘ ኢሹ» ብሎ መጻፍ «የከተማዋን ጎበኙ» እንደማለት ነው። ጆሮሽ በአማርኛው ላይ ወዲያው ይቆረቁረዋል፤ በእንግሊዝኛው ላይ እንዲቆረቁረው ማስለመድ ነው የቀረሽ።

አሁን ወደ አማካሪሽ ግማሽ እውነት ልምጣ። አማርኛ በእርግጥ የሚያሳስትበት ቦታ አለ፣ በተለይ በ«ዲስከስ» ላይ። «ተወያየ» ተሻጋሪ ግስ አይደለም። «ጉዳዩን ተወያየን» ብለሽ ብታቆሚ ሰሚው «እሺ፣ ቀጥይ» ብሎ ይጠብቅሻል። ወይ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን»፣ ወይ «በጉዳዩ ላይ ተወያየን» ማለት አለብሽ። «ዲስከስ አባውት» የመጣው ከመጀመሪያው ነው፤ በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ የማይጠፋው «ዲስከስድ ኦን ዘ አጀንዳ» ደግሞ ከሁለተኛው።

ግን ሦስተኛ መንገድ አለን፤ መድኃኒቱም እሱ ነው። «ጉዳዩን ተወያየንበት»። አየሽ? «ን» ተመልሳ መጣች፤ «ስለ»ም «ላይ»ም ጠፉ። ምክንያቱም «በት» ግሱ ውስጥ ገብታ ሥራውን ይዛዋለች። እንግሊዝኛው «ዲስከስ» ማለት «ተወያየ» ሳይሆን «ተወያየበት» ማለት ነው። «ስለ»ን ውጦ ሆዱ ውስጥ ይዞታል። «ቶክ» ግን ባዶውን «ተነጋገረ» ነው፤ ስለዚህ «አባውት»ን ከውጭ ይዞ ይዞራል። ተማሪዎቼ ይህችን ከያዙ ወዲህ «ዲስከስ አባውት» የሚጽፉት በጣም ቀንሷል፣ ከዚያ በፊት ከሰጠኋቸው ዝርዝር ሁሉ ይልቅ ይህች «በት» ሠርታለች።

እሷው «በት» ግን ሌላ ቦታ ላይ ወጥመድ ትሆናለች። «የተወያየንበት ጉዳይ» ብለሽ ወደ እንግሊዝኛ ስታዞሪው፣ መጨረሻ ላይ ያለችው «በት» አንድ ነገር ትጠይቅሻለች፤ ያኔ «ዘ ኢሹ ዊ ዲስከስድ አባውት» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ይህ ስህተት ጎበዝ ተማሪዎችም ላይ ይታያል፤ መደበኛውን ዓረፍተ ነገር በትክክል ጽፈው እዚህ ላይ ይሰናከላሉ። «ዘ ኢሹ ዊ ዲስከስድ» ብለሽ አቁሚ። ባዶ የሆነ መስሎ ይታይሻል፤ ባዶ አይደለም።

ሌላው የአማርኛ ወጥመድ «አጽንኦት ሰጠ» ነው፤ «በዚህ ላይ አጽንኦት ሰጠ» እንልና «ኢምፈሳይዝድ ኦን» እንጽፋለን። «ተጽዕኖ አሳደረበት» ብለን «አፌክትድ ኦን» እንጽፋለን። «ከእሷ ጋር ተገናኘ» ብለን «ኮንታክትድ ዊዝ ኸር» እንጽፋለን። እነዚህ ከአማርኛ የመጡ ናቸው፤ ስሞቻቸውም በእንግሊዝኛ መስተዋድድ ስለሚወስዱ ስህተቱ ከሁለት በኩል ይደገፋል። ለዚህ ነው ቶሎ የማይለቁት።

ከስሙ ሌላ የጎረቤት ግሶችም ያሳስታሉ። «አዌይት» ከ«ዌይት ፎር» ጋር፣ «አንሰር» ከ«ሪፕላይ ቱ» ጋር፣ «ሲክ» ከ«ሉክ ፎር» ጋር፣ «ሪኩዌስት» ከ«አስክ ፎር» ጋር፣ «ሪች» ከ«አራይቭ አት» ጋር ትርጉማቸው ስለሚቀራረብ አንዱ የሌላውን ልብስ ይለብሳል። እኔ ራሴ ወጣት መምህር ሳለሁ በአንድ የሥራ ማመልከቻ ላይ «አይ ሪኩዌስት ፎር» ብዬ ጀምሬ ነበር። ሥራውን አላገኘሁም። ምክንያቱ እሱ ነው ብዬ አላምንም፣ ግን ደብዳቤውን ሳስታውስ እስካሁን ጆሮዬ ይግላል።

የታሪክ ነገር ለሚወድ ሰው አንድ ተጨማሪ ማስረጃ አለ። ከእነዚህ ግሶች ብዙዎቹ በትውልዳቸው እንግሊዝኛ አይደሉም። ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው እ.ኤ.አ በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ በፍርድ ቤት ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ የወጣው በ1362 ነው። ለጎንደር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እዚህም ሕዝቡ አማርኛ እየተናገረ የነገሥታቱ ዜና መዋዕል በግዕዝ ይጻፍ ነበር። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ከፈረንሳይኛና ከላቲን የገቡት ግሶች መስተዋድዳቸውን በላቲን ቅድመ ቅጥያ መልክ ይዘው ነው የገቡት። «አፕሮች» መነሻው «አድ» የሚል አለው፣ «ወደ» ማለት ነው። «ኮንታክት» ውስጥ ያለችው «ኮን» «አብሮ» ማለት ናት። ስለዚህ «አፕሮች ቱ» ብሎ መጻፍ «ወደ» ላይ «ወደ» መደረብ፣ «ኮንታክት ዊዝ» ብሎ መጻፍም «ጋር» ላይ «ጋር» መደረብ ነው።

ይሁንና ይህን ሕግ አድርገሽ አትያዥው። «ኮምፕላይ» እና «ኮንሲስት» ያቺኑ ቅድመ ቅጥያ ይዘው እንኳ አንዱ «ዊዝ»፣ ሌላው «ኦፍ» ይፈልጋሉ። ፈረንሳዮቹ ራሳቸውም ቢሆኑ «አባቱን ይመስላል» ሲሉ በቋንቋቸው መስተዋድድ ይጨምራሉ፤ የጣለው እንግሊዝኛው ነው። ታሪኩ ለማስታወስ ያግዛል፤ ለመወሰን ግን አይበቃም።

ወደ ጽሑፍሽ እንግባ። ጎንደር እ.ኤ.አ ከ1954 የሕብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ስለሆነች፣ እጄ ላይ ከሚያልፉት ጽሑፎች ብዙዎቹ የጤና ናቸው። ሰባቱ ስረዛዎች የት የት እንዳሉ ሳላየው መገመት እችላለሁ።

«ሲክ» አንዱ ነው። የናንተ ትምህርት «ኸልዝ ሲኪንግ ቢሄቪየር» የሚለውን ሐረግ ሲደጋግም ይውላል። በዚያ ሐረግ ውስጥ «ፎር» አለ? የለም። ታዲያ «ዊመን ሁ ሶት ፎር ትሪትመንት» ስትይ ከየት አመጣሽው? ሐረጉን በልብሽ ያዢው፣ እሱ ራሱ ያርምሻል።

«አክሰስ» በጤና ጽሑፍ ውስጥ እጅግ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ስሙና ግሱ በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፋሉ። «ዊመን ኸቭ አክሰስ ቱ ኬር» ትክክል ነው፣ እዚህ ላይ ስም ነው። «ዊመን አክሰስድ ቱ ኬር» ስህተት ነው፣ እዚህ ላይ ግስ ሆኗል፤ «ዊመን አክሰስድ ኬር» ይበቃል። «ላክ»ም ያው ነው (መላክን አይደለም፣ ማጣትን ማለቴ ነው)፦ «ላክ ኦፍ ዎተር» ሲሆን የውኃ እጦት፣ ስም፤ «ዘ ቪሌጅ ላክስ ዎተር» ሲሆን ግስ፣ ያለ «ኦፍ»። መለያው ቀላል ነው። ከፊቱ «ዘ» ወይም «ኖ» ማስገባት ከቻልሽ ስም ነው፣ መስተዋድዱ ይቆይ። ጊዜ ካመለከተ፣ መጨረሻው «ድ» ብሎ ካለፈ ጊዜ ላይ ከዋለ ግስ ነው፣ ሰርዢው።

«ኮንታክት»ን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2016 ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል መመሪያ የቀድሞውን የአራት ጊዜ «ቪዚት» ትቶ ቢያንስ 8 «ኮንታክት» ብሏል። እዚያ ላይ ስም ነውና «ኤይት ኮንታክትስ ዊዝ ኤ ፕሮቫይደር» ብትጽፊ ማንም አይነካሽም። እናቲቱ ጤና ባለሙያዋን ስታገኛት ግን «ሺ ኮንታክትድ ዘ ሚድዋይፍ» ነው፤ «ዊዝ» አይገባም።

«አፌክት» ግስ ነው፣ ምንም አያስከትልም። «ኢፌክት» ስም ነው፣ «ኦን» ያስከትላል። «ኢምፓክት» ግን ግስ ሆኖም አንዳንዴ በ«ኦን» አንዳንዴ ያለሱ ይጻፋል፤ እሱን ስም ብቻ አድርገሽ ብትጠቀሚበት ሰላም ታገኛለሽ። «ኢንቨስቲጌት አባውት»፣ «አሰስ አባውት»፣ «ዲስክራይብ አባውት» የሚሉትን ያለ ርኅራኄ አጥፊያቸው።

«ኮምፕራይዝ» ላይ ትንሽ ልቆይ። ትልቁ ነገር ትንንሾቹን ይይዛል፦ «ፋሲል ግቢ ኮምፕራይዝስ ሴቨራል ካስልስ»። «ኦፍ» ከፈለግሽ «ኮንሲስትስ ኦፍ» በይ። «ኢዝ ኮምፕራይዝድ ኦፍ» የሚለውን ብዙ መዝገበ ቃላት ዛሬ ቢመዘግቡትም ጥርሳቸውን የሚነክሱበት አራሚዎች አሉ፤ አንድ የዊኪፔዲያ አርታኢ ይህቺን ሐረግ ብቻ እያደነ ከ40 ሺህ ጊዜ በላይ አርሟል። ፈታኝሽ ከእነሱ ወገን ሊሆን ይችላልና አትነካኪው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላልኩሽ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል። ትርፍ መስተዋድድ ማለት ግሱንና ተሳቢውን የሚለያየው ነው። ከተሳቢው በኋላ የሚመጣው ሌላ ነው፣ እሱ ሥራ አለው። «አይ ዲስከስድ ዘ ሪዘልት ዊዝ ማይ አድቫይዘር» ላይ ያለችው «ዊዝ» ትቆይ። «ዘ ፐርፐስ ዎዝ ኤክስፕሌይንድ ቱ ፓርቲሲፓንትስ» ላይ ያለችው «ቱ» ትቆይ። በየጽሑፋችሁ ሜቶድ ምዕራፍ ላይ የማትቀረው «ዳታ ዎዝ ኢንተርድ ኢንቱ ኢፒዳታ» ላይ ያለችው «ኢንቱ» የግድ ናት፤ ምክንያቱም እዚያ የገባው ዳታው ነው፣ ኢፒዳታ የዳታ ማስገቢያው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። «ኢንተር ኢንቱ ስህተት ነው» ብለው የሰሙ ተማሪዎች ይህቺን ሰርዘው ዓረፍተ ነገሩን ሲያፈርሱት አይቻለሁ።

መስተዋድዱ ትርጉም የሚለውጥበትም ጊዜ አለ። ጥምቀት ላይ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስትገቢ በር ላይ ያለው ፖሊስ «ሰርችድ ሚ» ካልሽ ፈተሸኝ ማለትሽ ነው። «ሰርችድ ፎር ሚ» ካልሽ ግን እየፈለገኝ ነበር ማለት ነው፤ ያኔ ቤተሰብሽ ይደነግጣል። ነርሷ «አተንድድ ኤ ትሬኒንግ» ሲሆን ሥልጠና ተካፈለች፤ «አተንድድ ቱ ኤ ፔሸንት» ሲሆን በሽተኛውን ተንከባከበች። የሥነ ምግባር ኮሚቴው «አፕሩቭድ ዘ ፕሮፖዛል» ሲሆን አጸደቀው፤ «አፕሩቭድ ኦፍ» ሲሆን ወደደው። ፕሮፖዛልሽን ኮሚቴው መውደዱ ደግ ነው፣ ግን የሚያስፈልግሽ መጽደቁ ነው።

እንግዲህ መላ ላልሽው፣ እኔ የምጠቀምበት አንድ ፈተና አለ። ዓረፍተ ነገሩን ወደ ተገብሮ ለውጪው። «ዘ ፋይንዲንግስ ዌር ዲስከስድ»፤ ጭራ የለውም፣ ጆሮሽም አይጠይቅም። «ዘ ፋይንዲንግስ ዌር ቶክድ አባውት»፤ ጭራው ቀረ፣ ብትቆርጪው ይደማል። በተገብሮ ጭራ የሌለው በገቢርም ጭራ የለውም። ተመራማሪዎች ሲጽፉ በተገብሮ ስለሚያዘወትሩ፣ አንቺም ትክክለኛውን ቅርጽ ሳታውቂው መቶ ጊዜ ጽፈሽዋል። ጆሮሽ ከተጠራጠረ ደግሞ ለተማሪ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ክፈቺ፤ ከግሱ አጠገብ ተሻጋሪ መሆን አለመሆኑን በምልክት ያሳያል። ትርጉሙን ብቻ አይተሽ አትዝጊው፣ ምሳሌ ዓረፍተ ነገሩን አንብቢ።

ኮምፒውተር ላይ ስታርሚ ግን ተጠንቀቂ። ሰኔ ላይ ማራኪ ካምፓስ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ በተመራቂ ሲጨናነቁ፣ አንድ ልጅ ጥራዝ እየጠበቀ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። «‹አባውት› ትርፍ ነው ተብያለሁ» ብሎ ኮምፒውተሩን ባንድ ትእዛዝ ከመቶ ሃያ ገጹ ላይ ቃሉን በሙሉ አስጠፋው። ከዚያ ደስ ብሎት አሳተመ። ማታ ደውሎ ሊያለቅስ ደረሰ፤ «60 ፐርሰንት ገደማ» ለማለት የጻፋት «አባውት» ሁሉ አብራ ጠፍታ ግምቱ በሙሉ ቁርጥ ያለ ቁጥር ሆኗል። «ኖውሌጅ አባውት» የሚለውም ሰንጠረዥ ላይ ጭራው ተቆርጦ ቀርቷል። ኮምፒውተሩን አስፈልጊው፣ ግን አንድ በአንድ እያየሽ አጥፊ። ፍለጋውንም ከመስተዋድዱ ሳይሆን ከግሱ ጀምሪ።

በእንግሊዞችና በአሜሪካውያን መካከልም ትንሽ ልዩነት አለ። አሜሪካዊው ውሳኔን «ፕሮቴስት» ሲያደርግ ወይም ይግባኝ ሲል ያለ መስተዋድድ ይጽፋል፤ እንግሊዛዊው «አጌንስት» ይጨምራል። «ሚት ዊዝ» የሚለውም ቀጠሮ ተይዞ ለሚደረግ ስብሰባ በአሜሪካ የተለመደ ነው። አንዱን ምረጪና እስከ መጨረሻው አጽኚው።

«ታዲያ ሁላችንም የምንለው ከሆነ ለምን ስህተት ይባላል?» ብለሽ ብትጠይቂኝ ጥያቄሽ ከንቱ አይደለም። «ዲስከስ አባውት» የኛ ብቻ አይደለም፤ ናይጄሪያም ሕንድም ሲንጋፖርም ይሰማል። የቪየና ዩኒቨርሲቲዋ የቋንቋ ምሁር ባርባራ ዛይድልሆፈር እ.ኤ.አ በ2004 እንግሊዝኛን እንደ መግባቢያ በሚናገሩ የተለያዩ አገር ሰዎች ዘንድ ከሚታዩት፣ መግባባትንም እምብዛም ከማያውኩት ልማዶች መካከል ትርፍ መስተዋድድ መጨመርን ዘርዝራለች። ጎረቤቴ አስጎብኚ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፋሲል ግቢ ውስጥ እንግዶቹን «ናው ዊ ዊል ዲስከስ አባውት» እያለ ያዞራል። ሁሉም ይገባቸዋል፣ ደስ ብሏቸውም ይሄዳሉ። አንድም ቀን አርሜው አላውቅም፣ ወደፊትም አላርመውም። ያንቺ ግን ጽሑፍ ነው፣ በመዝገበ ቃላት የሚለካ ፈታኝም ፊት ይቀርባል፤ ከጆርናል የሚመጣ ገምጋሚ ደግሞ ሦስት ትርፍ መስተዋድድ ካየ በኋላ ስሌትሽንም በጥርጣሬ ማንበብ ይጀምራል። ትክክል ነው አልልም፣ ግን እንዲህ ነው የሚሆነው።

አንድ ቀረች። ደብዳቤሽን የዘጋሽባት ዓረፍተ ነገር ስምንተኛዋ ናት። «አዌይት» ራሱ «መጠበቅ»ን ከነ«ፎር»ዋ ስለያዘ ወይ «አይ አም አዌይቲንግ ዩር ሪፕላይ» በይ፣ ወይ «አይ አም ዌይቲንግ ፎር ዩር ሪፕላይ»። እኔን ከጠየቅሽኝ ሁለተኛዋን እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያዋ የቢሮ ደብዳቤ ትሸታለች።